ዝቃጭ

ደወሉ ሲደወል፣ ልጆቹ ሲወጡ፣
ካፖርት ከመስቀያው ነጥቀው በደረጃው ሲሮጡ፣
እኔ እገባለሁ፤ የላስቲክ ጓንቴን አጥልቄ፣
ባልዲውን በግራ፣ ብሩሹን በቀኜ አንቄ።
ከተማው ሃለ ነው፤ ከዛሌ ወንዝ ዳር፣
ድሮ በሰታቴ ጨው ሲንተከተክ የሚያድርበት አገር።

ኬሚስትሪን ሌላው ከመጽሐፍ ያነባል፤
ለኔ ግን ትምህርቱ ከብርጭቆው ግርጌ ተጣብቆ ይቆየኛል።
ሰማያዊው ጠርዝ የመዳብ ነው፤ ነጩ እርጎ የብር ዝቃጭ፣
ብርሃን ሲያየው የሚጠቁር፣ እንደ ፈሪ ሌባ ራሱን አጋላጭ።
ቡናማው እድፍ ፐርማንጋኔት ነው፤ ጣቴ ላይ ይከርማል፣
ሳሙናን ይንቃል፣ ለሎሚ ይሸነፋል።

ማክሰኞ ጠዋት፣ በሩ ገርበብ ብሎ ሰማሁ፤
ኮሪደሩን ስወለውል ሆን ብዬ አዘገየሁ።
ፍራው ቪታሽ ብረት ብናኝና ድኝ በወረቀት ላይ ደባለቀች፣
ማግኔት አስጠጋች፤ ብረቱ ተነሣ፣ ቢጫዋ ዱቄት ቀረች።
«ድብልቅ ይሄ ነው» አለች፤ «ጎረቤታሞች ናቸው፤
አጥር ይጋራሉ እንጂ አልተጋቡም፤ ማግኔት ይለያቸው።»
ከዚያ እሳት ሰጠችው።
ፍሙ ካንድ ጫፍ ተነሥቶ ውስጥ ለውስጥ ጋለበ፣
ጥቁር ጓል ሆነ፤ ማግኔቱ ቢመጣ፣ ቢለምን፣ አንዱም አልተሳበ።
«ይኸው ውህድ። ብረትም ድኝም ብላችሁ አትጥሩት፤
ሁለቱም ውስጡ አሉ፤ የድሮ ስማቸውን ግን ቀበሩት።»

ሌላ ቀን ሚዛን ነበር፤ «ሲነድም የጠፋ የለም» ስትል
ሳቄ መጣ። ይህንንማ አጣቢ ያውቀዋል።
ቆሻሻ አይጠፋም፤ ቤት ይቀይራል እንጂ፤
ከብርጭቆ ወደ ብሩሽ፣ ከብሩሽ ወደ ውኃ፣
ከውኃው ወደ ቱቦ፣
ከቱቦው፣ እግዜር ይወቀው፣ ወደ አንዱ ደጅ።

«አሲዱን ወደ ውኃው፤ ውኃውን ወደ አሲዱ በጭራሽ!»
ይሄማ የሽምግልና ሕግ ነው። ቁጡን ሰው ወደ ብዙኃን ትወስደዋለህ፤
ጠብታ ምክር ይዘህ ብቻህን ብትሄድበት
ተረጭቶ ይመለሳል፣ ፊትህን ሊያበላሽ።

ቲልማን ሮሽ የሚባል ልጅ ነበር፤ ከኋላ ተቀማጭ፣
ምላሱ የሚይዘው፤ ለመልስ ሲጠሩት ጣሪያ ላይ አፍጣጭ።
«ሞል ስንት ነው?» ሲሉት፣ «ስድስት» ይልና ዜሮው መሐል ይቀራል፤
አንድ የሾርባ ማንኪያ ውኃ ቢያሳይ ይበቃው ነበር፤ ማን ይነግረዋል?
ፈተናው ላይ አምስት ሰጡት።
በነሱ አገር አምስት መውደቅ ነው፤ እኔ ሳላውቅ «ጎበዝ!» አልኩት።
እንዴት እንዳየኝ!

የጥቅምት ዕረፍት ሲገባ፣ ከመስኮቱ ሥር የማርማላታ ጠርሙስ አገኘሁ፤
ጨው የጠገበ ውኃ፣ ከእርሳስ ላይ የተንጠለጠለ ክር፣
«አትድፉት» የሚል ወረቀት።
ሄር ብሮሲን ግን ዝርዝር ሰጥቶኛል፤
«ሁሉንም ድፊ፣ ምንም እንዳይቀር፣ ከሰኞ በፊት።»
ደፋሁ። ሃያ ስድስት ብርጭቆ ደፋሁ።
ያንን ግን ከባልዲዎቹ ኋላ፣ ከመወልወያው ጎን ደበቅሁ።

ሁለት ሳምንት። ውኃው ሳይሰናበት በትንሽ በትንሹ ይሄዳል፤
ጨው አይከተለውም፤ መግቢያ ሲያጣ ጎኑን ለጎረቤቱ ያስጠጋል፤
አንዱ ባንዱ ላይ፣ ካሬ በካሬ፣ ያለ ገመድ፣ ያለ ቱንቢ፣
ማንም ሳይቀጥረው ግንብ ገንቢ።

ሰኞ ቲልማን ክሩን ሳበ፤ ብርሃን ላይ ያዘው።
ጠማማ ነበር። አንድ ማዕዘኑ ጎዶሎ፣
መሐሉ ላይ የመጥረጊያዬ ብናኝ ተቀብሮ።
ፍራው ቪታሽ መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ፣
«ማን አስቀመጠልህ?» አለች።
ምላሱ ያዘው። ጣሪያውን አየ። ከዚያ በሩን።
እኔ ወለሉን እየወለወልኩ ነበር፤
ወለሉም ንጹሕ ነበር።

ጠርሙሱ ማታ ወደ እኔ መጣ፤ ባዶውን፣
በአፉ ዙሪያ ነጭ የጨው ቀለበት ይዞ።
ሙቅ ውኃ ቢነካው ባንዴ ይሟሟል፣ አውቃለሁ።
ብሩሹን አነሣሁ።
ሌላውን አጠብኩ።